ወደ ኋላ ብቻ የሚደንሰው መምህር

አንባቢዎቼ፣ ይህ የምተርክላችሁ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ፣ ገና ጺሜ በወጉ ሳይበቅል ነው። ጺሜ ዛሬም በወጉ አልበቀለም፤ ያኔ ግን ተስፋ ነበረኝ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና ነው። የማስተምረው ሒሳብ ሲሆን ቁመቴ አጭር ነው። ቁመቴን ቀድሜ ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም፤ የዚህ ታሪክ መከራም ደስታም የመጣው ከእሱ ነው። እኔ ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ የጥቁር ሰሌዳው የላይኛው ክፍል ጠመኔ ሳይነካው ኖሯል።

ቢቸና ያኔ ለላጤ መምህር ጭር ያለች ከተማ ነበረች። የገበያ ቀን ጤፍና በሬ ሲሸጥ ትደምቃለች፤ ገበያው ሲፈታ እሷም ትተኛለች። ምሽቱን የምናሳልፈው ፍሥሐ ከሚባለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቤት ነበር። ፍሥሐ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በጭቃ ወራት እንኳ ጫማው ያበራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእጅ የሚጠመዘዝ የሸክላ ማጫወቻ አለው። «በዚህ ዘመን ታንጎ የማይደንስ ሰው ተማረ አይባልም» እያለ በሰልፍ አቁሞ ዳንስ ያስተምረን ጀመር።

ችግሩ ሴት የለችም። የትኛው ቤተሰብ ነው ልጁን ከላጤ ቤት ሂጂና ደንሺ ብሎ የሚሰድ? እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ ኖሮ አልሰድም ነበር። ስለዚህ ወንድ ከወንድ ደነስን። በታንጎ ወንዱ ወደ ፊት እየገፋ ይመራል፣ ሴቷ ወደ ኋላ እየሄደች ትከተላለች። እኛ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ማን ገፊ ማን ተገፊ እንደሆነ እየጠፋን ግንባር ለግንባር መላተም አበዛን። ፍሥሐ መላ አበጀ። በሴት ቦታ የሚቆመው ሰው ወገቡ ላይ ነጠላ ያሸርጥ፣ ረጅሙ ወንድ ይሁን፣ አጭሩ ሴት ይሁን አለ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ነጠላው አልተለያየንም። ስሜም «ወይዘሪት ታደለ» ሆነ። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጎበዝሁበት። ዞር ብዬ ሳላይ ጠረጴዛውንም ወንበሩንም እያለፍሁ ወደ ኋላ መንሸራተት ቻልሁ። ፍሥሐ ራሱ «እንዳንተ ያለች ሴት አዲስ አበባም አላጋጠመችኝ» ብሎ መስክሮልኛል።

አሁን ወደ ዋናዋ ሰው ልምጣ። ዘነበች የቢቸና ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። የደብረ ወርቅ መሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ የተከበሩና የተፈሩ ሰው ናቸው። እሷ አዲስ አበባ በነርስነት ሠልጥና የተመለሰች፣ ረጅም፣ ፈጣን፣ ስትስቅ ጤና ጣቢያው የሚሰማት ልጅ ነበረች። አጠገቧ ስቆም ትከሻዋ ጋ ነኝ። ወደድኋት። ግን ምን አደርጋለሁ? ቢቸና ላይ ላጤ መምህርና ያላገባች ነርስ መንገድ ዳር ቆመው ሲያወሩ ከታዩ፣ ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ መሪጌታ ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ያለኝ አማራጭ መታመም ነበር። ሆዴን ሳያመኝ አመመኝ እያልሁ እሄዳለሁ፤ እሷ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ትለኛለች፤ እኔ አንዱን ቦታ እጠቁማለሁ፤ እሷም ሬት የመሰለ መራራ ሽሮፕ ትሰጠኛለች። ዓመት ሙሉ ስለ ሆዴ እንጂ ስለ ልቤ አንድ ቀን ሳናወራ ቆየን።

በጥቅምት መግቢያ ግን ሁለት ወሬ በአንድ ሳምንት መጣ። አንደኛው ዘነበች ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መዛወሯ ነው። ሁለተኛው ከሞጣ የመጣ ጥሪ ነው። የሞጣው አዲስ አውራጃ ገዥ ከአዲስ አበባ የተሾሙ ዘመናዊ ሰው ስለነበሩ የዘውድ በዓልን በዳንስ ሊያከብሩ አስበው፣ የቢቸና መምህራንና የጤና ሠራተኞችም እንድንገኝ ጠሩን።

አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብሁበት። ዳንስ ማለት የሴት እጅ በአደባባይ የሚያዝበት ብቸኛ ቦታ ነው። ገዥው ራሳቸው ደንሱ ብለው ካዘዙ ማን ምን ሊል ይችላል? ሸክላው እስኪያልቅ ድረስ የልቤን እነግራታለሁ። ያን ቀን ካልነገርኋት ደብረ ማርቆስ ትሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ እግሩ የረዘመ ሰው አይጠፋም።

በበዓሉ ማለዳ በጭነት መኪና ተነሣን። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ ሞጣ ከቆዩት የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው። ዘነበችና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ባለቤት ጋቢና ተቀመጡ፤ እኛ ሙሉ ልብሳችን አቧራ እንዳይጠጣ ጋቢ ተከናንበን ከጨው ጆንያው ላይ ወጣን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ፍሥሐ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ማንን ልጋብዝ እንዳሰብሁ ጠየቀኝ። ነገርሁት። የጭነቱን ገመድ ይዞ እስኪንፈራፈር ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«አንተ እኮ ሴት ነህ!»

«ፍሥሐ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ አይደለም።»

«አልቀለድሁም። ወደ ፊት ሄደህ ታውቃለህ? አንድ ቀን እንኳ መርተህ ታውቃለህ?»

ጋቢው ውስጥ እግሬን በሐሳብ አነቃነቅሁት። ግራ ወደ ኋላ፣ ቀኝ ወደ ኋላ፣ ጎን። ወደ ፊት ለማድረግ ብሞክር እግሬ እምቢ አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ያን ሁሉ ወር የደከምሁት ዘነበች የምትሠራውን ድርሻ ለማጥናት ኖሯል!

ደግነቱ ግንደ ወይን ስንደርስ የመኪናው ሞተር ፈላ። ሰይድ ውሃ ፍለጋ ሄደ፤ ሴቶቹም ከአንድ ቤት ገብተው አረፉ። ፍሥሐ «ውረድ፣ ቶሎ ላስተምርህ» አለኝ። ከመኪናው ጀርባ ሄድን። ለእኔ እንዲመቸኝ ያችኑ የዳንስ ነጠላችንን ከጓዙ አውጥቶ ወገቡ ላይ አሸረጠና ጉልበቱን አጥፎ ሴት ሆነ። ወገቡን ይዤ ገፋሁት። ጫማውን ረገጥሁት።

«ግራ! ግራህን አልሁህ!»

«ግራዬ ነው እኮ!»

«የእኔን ግራ አይደለም፣ ያንተን! ግፋኝ! ምን ትጎትተኛለህ?»

እሱ ይጮኻል፣ እኔ እገፋለሁ፣ አቧራው ይጨሳል። በመንገዱ ያልፉ የነበሩ ገበሬዎች ሁለት ባለ ከረባት፣ አንዱ ነጠላ ያሸረጠ፣ ተያይዘው ሲጓተቱ አዩ። ቁምጣ የታጠቁ አንድ ጎልማሳ ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«ኧረ በማርያም ተላቀቁ! ኧረ ገላጋይ! ሰው ሊገዳደል ነው!»

ሌሎቹም ደረሱ። እኔን ከኋላ አቅፈው ያዙኝ፣ ፍሥሐንም ወደ ዳር ወሰዱት።

«አልተጣላንም፤ እያስተማረኝ ነው» አልሁ።

«ምንድን ነው የሚያስተምርህ? ድብድብ?»

«ዳንስ ነው። የፈረንጅ ጭፈራ።»

ጎልማሳው እኔንም ፍሥሐንም ከእግር እስከ ራስ አዩን። «ጭፈራ ከሆነ ዘፋኙ የት አለ? እኔ ሁለት ወንድ ተናንቆ እየተሰዳደበ ሲጨፍር አላየሁም። የተማረ ሰው ሲጣላ ነውር ስለሆነ ነው የምትሸሽጉ። በሉ ተሳሳሙና ይቅር ተባባሉ፤ አለዚያ አንለቃችሁም።»

ምን ይደረጋል? ተሳሳምን። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልሁት፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ ጫማውን እያየ። ሰዎቹ መረቁን። ዘነበች ከቤቱ ስትወጣ እኛ በገበሬ ተከብበን ስንሳሳም ደረሰች።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ታርቀን ነው» አላት ፍሥሐ፣ ነጠላውን ከወገቡ እየፈታ። ሰይድ ሞተሩን አስነሣ፤ ትምህርቴም በዚያው አበቃ።

ሞጣ ስንደርስ በገዥው ግቢ ሰፊ ዳስ ተጥሏል። ዳንሱ ከቀትር በኋላ ነበር። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ተቀመጡ። የሹማምንቱ ሚስቶች የሀገር ቀሚስ ለብሰው ካባ ደርበዋል። የመሥሪያ ቤት ልጆች ግን አጭር የፈረንጅ ቀሚስ ነበር የለበሱት። ከሁሉ በላይ፣ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ፣ የገዥው እናት እሜቴ የሻረግ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ይህን ዳንስ እንዲያደርግ የፈቀዱት በአንድ ውል ነው አሉ፤ በቤታቸው የሴት ጉልበት እንዳይታይ። ስለዚህ አንዲት የቤት ልጅ ደጃፉ ላይ ነጠላ ከምራ ቆማ፣ አጭር ቀሚስ የለበሰችውን ሁሉ ወገቧ ላይ እያሸረጠች ታስገባለች። ዘነበችም እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና ገባች። ትናደድ ወይም ትሳቅ ከፊቷ መለየት አልቻልሁም።

ገዥው ተነሥተው ሥርዓቱን አስረዱ። «ወንዱ ሄዶ፣ እጅ ነሥቶ ይጋብዛል። ሴት ራሷ ተነሥታ አትጋብዝም፤ የተጋበዘችም እምቢ አትልም። ወንዱ ይመራል፣ ሴቷ ትከተላለች።»

ሸክላው ሊጀምር ሲል አንድ ባለ መስመር ሙሉ ልብስ የለበሰ የግብር መሥሪያ ቤት ሹም፣ ቁመቱ የባሕር ዛፍ የሚያህል፣ ወደ ዘነበች ሲያመራ አየሁ። ተነሥቼ ሮጥሁ። ሮጥሁ ስላችሁ በእውነት ነው። ቀድሜው ደረስሁና እጅ ነሣሁ፤ በእኔ ቁመት እጅ መንሣቱም ብዙ ልዩነት አላመጣም። ዘነበች ተነሣች።

መሐል ቆምን። ቀኝ እጄን ወገቧ ላይ፣ ግራዬን ከእጇ ጋር። ታንጎው ጀመረ። ሌላው ሁሉ ተንቀሳቀሰ፣ እኛ ግን ቆመናል።

«ምነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ትንሽ ወኔ ላሰባስብ።»

ወኔዬን አሰባሰብሁና፣ እንደምንም ብዬ፣ ወደ ፊት ተራመድሁ። እሷም ወደ ፊት ተራመደች። ጉልበት ለጉልበት ተላተምን። «ይቅርታ» አልን እኩል። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና ተላተምን። የግብሩ ሹም በአጠገባችን ሲያልፍ ፈገግ አለ። ላቤ ከረባቴ ውስጥ ገባ። አለቀልኝ አልሁ።

«አቶ ታደለ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለች ዘነበች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። «ወደ ኋላ መሄድ አልችልም። የነርስ ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለን ሴት ከሴት ነበር የምንደንሰው። ረጅም ስለሆንሁ ሁልጊዜ ወንድ የሚያደርጉኝ እኔን ነው።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅዎታል? ሰው እያየን ነው!»

«እኔስ! እኔ አጭር ስለሆንሁ ሁልጊዜ ሴት ነበርሁ! ከወደ ኋላ በቀር አንድ እርምጃ አላውቅም!»

ተያየን። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። «ሰው ምን ይላል?» አለች።

«ሰው የሚያየው እጃችንን ነው። እጃችን እንዳለ ይሁን። እግራችንን ማን ያየዋል? በሉ ይምሩኝ።»

መራችኝ። አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ልንገራችሁ? እግሬ ራሱ ሄደ። እሷ ወደ ፊት፣ እኔ ወደ ኋላ፣ ዳሱን ከጥግ እስከ ጥግ እየዞርን ሰውን ሁሉ አለፍነው። ፍሥሐ ከሸክላው አጠገብ ቆሞ ዓይኑ ፈጠጠ። ደስ አለኝ፤ ደስታ ድፍረት ሰጠኝና አፌን ከፈትሁ።

«ወይዘሪት ዘነበች፣ እኔ… ሆዴን አሞኝ አያውቅም።»

«አውቃለሁ። ለዚያ አይደል መራራውን የምሰጥህ?» አለችኝ። አንተ ማለቷን ልብ አልሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከእርምጃው ጋር ተደባለቀ። ሸክላው ሊያልቅ ነው። እሷ አንድ ጥግ ላይ እያዞረችኝ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ሰለቻት።

«ደብረ ማርቆስ ልሄድ መሆኑን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ…»

«ታዲያማ ሽማግሌ ላክ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

እርምጃዬ ጠፋኝ። የነጠላዋን ጫፍ ረገጥሁ፤ ነጠላው ተፈትቶ ወደቀ፤ እኔም ወደ ኋላ እየተንገዳገድሁ ሄጄ እሜቴ የሻረግ እግር ሥር ዘጭ አልሁ። ሸክላው ቆመ።  ዘነበች በሰው መሐል ጉልበቷ ታይቶ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

አሁን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የመሪጌታ ልጅ በአደባባይ ወንድ እየነዳች፣ ነጠላዋ ወድቆ ታየች መባሉ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እሜቴ ጭራቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ተነሥ እስቲ። ይህችን ልጅ ምን አድርገሃት ነው ስታባርርህ የዋለች? ከጅምሩ ነው ያየኋችሁ። ወንዱ ሁሉ ሲገፋ አንተ ብቻ ነህ የምትሸሽ።»

መዋሸት አሰብሁ። ጫማ ጠቦኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ውሸቱ እኔን እንጂ እሷን አያድንም። ቆምሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። የፍሥሐን ቤት፣ ነጠላውን፣ ወይዘሪት መባሌን፣ እሷም ከሴት ጓደኞቿ ጋር ወንድ ሆና መማሯን። «ጥፋት ካለም እሷ አላጠፋችም፤ ምሪኝ ያልኋት እኔ ነኝ» ብዬ ጨረስሁ። ፍሥሐ ከሸክላ ማጫወቻው ኋላ ሊሰወር ሞከረ፤ ማጫወቻው ግን ትንሽ ነበር።

መጀመሪያ የእሜቴ ትከሻ ተነቃነቀ። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጎንበስ ብለው ነጠላውን አነሡና በገዛ እጃቸው የዘነበች ወገብ ላይ አሰሩላት።

«ለመሆኑ» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ወንድ ወደ ፊት፣ ሴት ወደ ኋላ ያለው ማነው?»

«እማማ፣ ሥርዓቱ ነው። የዳንስ ሥርዓት።»

«እኛ ስንጨፍር ፊት ለፊት ነው። ትከሻ ከትከሻ ይጠያየቃል እንጂ አንዱ ሌላውን አይነዳም። ዓይኗ ከፊቷ እንጂ ከኋላዋ የለ፣ በማታውቀው ቤት ወደ ኋላ ሂጂ ይባላል? በል ሸክላውን መልሱት። አሁን ወንዱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ሴቱ ይምራ። አንተም ጭምር።»

«እኔም?» አሉ ገዥው።

«አንተ ወንድ አይደለህም?»

ሸክላው ተመለሰ። አንባቢዎቼ፣ እንዲያ ያለ ትርምስ ሞጣ አይታ አታውቅም። ባለ መስመር ልብሱ የግብር ሹም ምሰሶ ተደግፎ ቀረ። ገዥው ከአውራጃው ዳኛ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተጋጭተው «ይቅርታ ጌታዬ» እየተባባሉ ቆሙ። ካባ የደረቡት ወይዛዝርት ባሎቻቸውን እየገፉ በሳቅ ፈረሱ፤ አንዷ «ዛሬስ አገኘሁህ!» ስትል ሰምቻለሁ። ከወንድ ሁሉ ሳይሰናከል የዞረ እኔ ብቻ ነበርሁ። አጭር ሆኜ በመፈጠሬ ፈጣሪዬን ያመሰገንሁት ያን ቀን ነው።

ዳንሱ ሲያበቃ እሜቴ ሁለታችንን ጠሩን።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ዘነበች ነገረቻቸው። «የመሪጌታ ልጅ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህችን ልጅ ትፈልጋታለህ?»

«እፈልጋታለሁ፣ እሜቴ።»

«በዚህ አገር ዘመድ አለህ? ማንን ሽማግሌ ትልካለህ?»

ያኔ ነው ጉዱ የታየኝ። ዘመዶቼ ደሴ ናቸው። ቢቸና ላይ ያሉኝ ሰዎች እንደ እኔው ላጤ የሆኑ መምህራን ናቸው። መሪጌታ ደጅ ፍሥሐን ሽማግሌ አድርጌ ልላክ? አንገቴን ደፋሁ።

«ግድ የለም፣ እኔ እሄድልሃለሁ» አሉ።

ገዥው ደነገጡ። «እማማ! ሽምግልና እኮ የወንድ ነው። ሴት ሽማግሌ ሆና ሄዳ ታውቃለች?»

«ወንዱ ሁሉ ወደ ኋላ ሲሄድ ከዋለበት ቤት ነው የምነሣው። ማን ይመልሰኛል?»

በተከታዩ እሑድ በልጃቸው ላንድሮቨር ደብረ ወርቅ ሄዱ፤ ሁለት የሞጣ ሽማግሌዎችንም አስከትለው። ፈላጊው ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና እኔ መኪናው ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ ቀረሁ። መኪናው የቆመው ከመሪጌታ አጥር ሥር ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር እያልሁ ነው የሰማሁት።

መሪጌታ እሜቴን ሲያዩ በአክብሮት ተነሡ። «ግቡ እንጂ፣ እሜቴ፣ ምነው ቆማችሁ?»

«ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ። ቃሌን ሳላደርስ አልቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው።»

 መሪጌታ በዝግታ ተናገሩ። «ወሬው ደርሶኛል። ልጄ ሞጣ ላይ ወንድ እየነዳች ዋለች፣ ነጠላዋም በሰው ፊት ወደቀ አሉኝ።»

ጋቢውን በጥርሴ ነከስሁት።

«እውነት ነው» አሉ እሜቴ። «የወደቀው ነጠላ የእኔ ነው። ያነሣሁትም እኔ ነኝ። ነውር ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር።»

«እሜቴ፣ ስንት ሽማግሌ ደጄ ቆሟል። ሴት ስትቆም ግን ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።»

«ለእኔም መጀመሪያዬ ነው። እግሬ ስላመመኝ ቶሎ ይመልሱልኝ።»

መሪጌታ የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ለእሑድ አባቷ ቤት የመጣችውን ልጃቸውን «ዘነበች!» ብለው ተጣሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አትጠየቅም፤ ብትጠየቅም አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። 

«ይህ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮብሻል። ምን ትያለሽ?»

«አባቴ» አለች ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ሽማግሌ ላክ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ የሞጣ ሽማግሌዎች ሲያስሉ ሰማሁ።  መሪጌታ ግን እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው ሽማግሌዎቹን የላከች የገዛ ልጄ ናት። ልጄ የላከቻቸውን እንግዶች ከደጅ አላቆምም። ግቡና ተቀመጡ።»

ጋቢውን ጥዬ ከመኪናው ወረድሁ። ሾፌሩ በጃኬቴ ባይይዘኝ ኖሮ አጥሩን ዘልዬ መሪጌታን ልስማቸው ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሕይወቴን የለወጠው ያ የሞጣው ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ወንድነት ማለት ቀድሞ መናገር፣ ቀድሞ መራመድ ይመስለኝ ነበር፤ ስለማልችልበትም አፍር ነበር። ትዳር ስንመሠርት መንገዱን የሚያውቀው ይምራ ተባባልን። ልጅ ሲታመም እሷ መራች፣ ቤት ስንሠራ እኔ መራሁ፤ ሁለታችንም ሳናውቀው ስንቀር ጉልበት ለጉልበት ተላትመን ተሳስቀን ቆመናል። ይህን ስነግራቸው የሚያሾፉብኝ ወንዶች ዛሬም አሉ። እኔ አልከፋም። ምናልባት እናንተም እቤታችሁ ማን ወደ ኋላ እየሄደ እንደሆነ ዞር ብላችሁ ብታዩ አይከፋም፤ ምን እንዳይመታው ደግሞ ንገሩት ወይም ንገሯት።

ሴቶች ልጆች ወልደናል። ለመጀመሪያዋ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ሰዎቹ እንደቆሙ እሷን አስጠራሁና «ልጄ፣ አንቺ ነሽ የላክሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷ ቀላ፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «ተቀመጡ» አልኋቸው።

ለሁለተኛዋም መጡ። ፈላጊዋ ባለጠጋ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ትላልቅ ሰዎች ናቸው። እሷንም አስጠራሁና ያንኑ ጠየቅኋት። ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተችና «ኧረ አባዬ፣ እኔ አልላክኋቸውም!» አለችኝ። ዘነበች ከጓዳ ስትስቅ እስከ ሳሎን ተሰማ። እኔም ሽማግሌዎቹን በአክብሮት እስከ በሩ ሸኘኋቸው።